ደመና፣ የአየር ጠባይና የፕላኔቶች ምልከታ በትምህርት ቤት

መግቢያ

ስለ ፀሐይ ሥርዓት የሚሰጠው ትምህርት ከመጻሕፍት ሥዕል አልፎ ተማሪው በገዛ ዓይኑ ከሚያየው ነገር ጋር የሚገናኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ትምህርት ቤት በግዥም ሆነ በስጦታ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ቢያገኝ እንኳ መሣሪያው ከሣጥኑ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ምሽት ነው። በዚያች ምሽት ተማሪዎች በጨለማ ተጉዘው ይመጣሉ፤ ተራቸውንም በብርድ ይጠብቃሉ። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ሁሉም ሳያይ ይመለሳል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በሌንሱ ውስጥ የሚታየው ጁፒተር የሚንቀጠቀጥ የብርሃን ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ግን የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ ይብሳል። ተማሪው ከሁለት አንዱን ይደመድማልና፤ ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ወይ መጽሐፉ ያልሆነውን ነግሮታል።

ሁለቱም ድምዳሜዎች የተሳሳቱ ናቸው። በአብዛኛው ጥፋቱ የመሣሪያውም የመጽሐፉም ሳይሆን፣ በተመልካቹና በፕላኔቱ መካከል ያለው አየር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አየሩ በምልከታ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ማስረዳት፣ መምህሩ ምሽቱን እንዴት መምረጥ እንደሚችል ማሳየት፣ ዕቅድ አውጪዎችም የሥነ ፈለክን ትምህርት ከዝናብ ወራት ጋር እንዴት ማጣጣም እንደሚገባቸው ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራትና የምሽት ሰዓቶች ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአየር ጥራትና የአየር እርጋታ

በተለምዶ ከዋክብት ደምቀው የሚታዩበት ምሽት ሁሉ ለቴሌስኮፕ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን መምህሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያው የአየር ጥራት ነው፤ ይኸውም አየሩ ከደመና፣ ከጭጋግ፣ ከአቧራና ከጢስ የነጻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የአየር እርጋታ ነው፤ ይህም የተለያየ ሙቀት ያላቸው የአየር ክፍሎች እርስ በርሳቸው ሳይታወኩ ጸጥ ብለው መቀመጣቸው ነው።

ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ሰማዩ ታጥቦ ከዋክብት እንደ አሸዋ ተዘርተው የሚታዩበት ምሽት ብዙ ጊዜ አየሩ የሚታወክበት ምሽት ነው። በአንጻሩ ቀለል ያለ ጭጋግ በሰፈነበት፣ ነፋስ በማይነፍስበት ምሽት ደብዛዛ ከዋክብት ቢሰወሩም፣ ጁፒተርና ሳተርን ጥርት ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ደካማ ብርሃን ያላቸውን የከዋክብት ክምችቶች ለማየት የሚያስፈልገው በይበልጥ የአየር ጥራት ነው። ብርሃናቸው ጠንካራ፣ መጠናቸው ግን ትንሽ የሆኑትን ፕላኔቶች ለማየት የሚያስፈልገው በይበልጥ የአየር እርጋታ ነው።

ምሽቱ የረጋ መሆኑን ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። ከዋክብት በአድማስ አጠገብ ብቻ ሳይሆን በአናት ላይም አጥብቀው ብልጭ ድርግም የሚሉ ከሆነ አየሩ ታውኳል። በአናት ላይ ያሉት ረግተው የሚያበሩ ከሆነ ግን ለፕላኔት ምልከታ ተስፋ አለ።

ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ

ብርሃን ሙቀቱ ከሚለያይ አየር ወደ ሌላ ሲያልፍ በጥቂቱ ይሰበራል፤ ቀዝቃዛና የታመቀ አየር ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከሞቃትና ከሳሳ አየር ይበልጣል። በቀትር በአስፋልት መንገድ ላይ ወይም ከሚነድ ምድጃ በላይ ያለው ነገር ሲርገበገብ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፕላኔት የሚመጣውም ብርሃን በርካታ የአየር ንብርብሮችን አቋርጦ ሲደርስ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ቴሌስኮፑ ፕላኔቱን ሲያጎላ ይህንንም መርገብገብ አብሮ ያጎላዋል።

የጉዳዩ ክብደት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ዲግሪ በ3,600 ሲከፈል አንድ የማዕዘን ሴኮንድ ይገኛል። ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ 1,800 ሴኮንድ ያህል ስፋት አላት። ጁፒተር ለምድር በሚቀርብበት ወራት ከ45 ሴኮንድ ብዙም አይርቅም። ማርስ እንደ ርቀቱ ከ4 ሴኮንድ እስከ 25 ሴኮንድ ገደማ ይለዋወጣል። አየሩ በጣም በረጋበት ምሽት የሚፈጠረው ብዥታ 1 ሴኮንድ ያህል ከሆነ፣ በጁፒተር ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር 45 ያህል ተለይተው የሚታዩ ነጥቦች ሊደረደሩ ይችላሉ። ብዥታው ወደ 5 ሴኮንድ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ወደ 9 ይወርዳል። የ15 ሴኮንድ ስፋት ባለው ማርስ ላይ ደግሞ 3 ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ፤ በ3 ነጥብ ደግሞ የማንንም ፊት መሳል አይቻልም።

የሌንሱ ወይም የመስተዋቱ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በራሱ 1.2 ሴኮንድ ያህል ልዩነት መለየት ይችላል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ምሽቶች ወሰን የሚያበጅለት የመሣሪያው አቅም ሳይሆን የአየሩ ጠባይ ነው። አየሩ በታወከበት ምሽት ይበልጥ የሚያጎላ የዓይን ሌንስ መቀየር ብዥታውን ከማስፋት በቀር ጥቅም አይሰጥም። ጁፒተር በ40 እጥፍ ሲጎላ ሙሉ ጨረቃ ለዓይን የምትታየውን ያህል ስለሚሰፋ፣ መምህሩ በዝቅተኛ ማጉላት ቢጀምር ተማሪው አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎችና ሁለቱን ጠቆር ያሉ መቀነቶች ለማየት አይቸገርም።

ፕላኔቱ ከአድማስ ያለው ከፍታም ወሳኝ ነው። በአናት ላይ ካለ አካል የሚመጣው ብርሃን የሚያቋርጠው የአየር መጠን አንድ ቢባል፣ በ30 ዲግሪ ከፍታ ያለው ሁለት እጥፍ፣ በ15 ዲግሪ ከፍታ ያለው ደግሞ አራት እጥፍ ያህል ያቋርጣል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የታደለች ናት። ከምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ ፕላኔቶች በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ከፍተኛው ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ከ55 ዲግሪ በታች አይሆኑም ማለት ይቻላል። ለንደን ላይ ግን ወደ ደቡብ የራቀ ፕላኔት ከ15 ዲግሪ ብዙም ሳይዘል የሚጠልቅባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ መምህሩ ፕላኔቱ ገና በኮረብታ ራስ ላይ ብቅ ሲል ከመቸኮል ይልቅ ከፍ እስኪል ቢጠብቅ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ከሥነ ፈለክ ታሪክ ሁለት ምሳሌዎች

የአየር ጠባይ ያሰናከላቸው ተመልካቾች የትምህርት ቤት መምህራን ብቻ አይደሉም። ፈረንሳዊው ጊዮም ለዣንቲ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከትና በዚያም የፀሐይን ርቀት ለማስላት ለሚደረገው ጥረት ድርሻውን ለማበርከት በ1760 ከአገሩ ወጣ። ሊደርስባት ያሰባት በሕንድ የምትገኘው ፖንዲሼሪ በጦርነቱ ምክንያት በእንግሊዞች እጅ ስለወደቀች፣ በሰኔ 1761 ክስተቱ ሲፈጸም እርሱ በባሕር ላይ በሚዋዥቅ መርከብ ውስጥ ነበር፤ ትክክለኛ ልኬት ማድረግም አልቻለም። የሚቀጥለውን ለመጠበቅ በዚያው አካባቢ ስምንት ዓመት ቆየ። በ1769 በፖንዲሼሪ መሣሪያዎቹን አዘጋጅቶ ሲጠባበቅ፣ በዚያው ማለዳ ደመና ፀሐይን ሸፈናት፤ የተገለጠውም ክስተቱ ካበቃ በኋላ ነበር። በ1771 አገሩ ሲገባ እንደሞተ ተቆጥሮ በሳይንስ አካዳሚ የነበረው ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው። በዚያው ዕለት ግን በሌሎች የዓለም ክፍሎች የተሰማሩ ተመልካቾች ክስተቱን መዝግበው ስለነበር የፀሐይ ርቀት ከቀድሞው በተሻለ ሁኔታ ሊሰላ ቻለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በአንድ ቦታና በአንድ ዕለት ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ በደመና ሊፈርስ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የማርስ ቦዮች ጉዳይ ነው። በ1877 ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በማርስ ገጽ ላይ ቀጫጭን መሥመሮች ማየቱን ገለጠ። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 በአሪዞና፣ በፍላግስታፍ ከተማ የመመልከቻ ጣቢያ አቋቁሞ፣ መሥመሮቹ አስተዋይ ፍጡራን የቆፈሯቸው የመስኖ ቦዮች ናቸው እስከ ማለት ደረሰ። በመስከረም 1909 ግን ዩጂን አንቶኒያዲ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የሜዶን ጣቢያ፣ 83 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሌንስ፣ አየሩ ፍጹም በረጋበት ምሽት ማርስን ሲመለከት ቀጥ ያሉት መሥመሮች ጠፍተው በምትካቸው መልክ የለሽ ነቁጦችና ጥላዎች ታዩት። በሚታወክ አየርና በአነስተኛ መሣሪያ የተበታተኑትን ነቁጦች ዓይን ራሱ እያገናኘ መሥመር ያደርጋቸው ነበር። በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኩር የላከቻቸው ፎቶግራፎችም ቦይ ሳይሆን ጉድጓዶችን አሳዩ። የታወከ አየር እንግዲህ የሚታየውን ከመሰወር አልፎ፣ የሌለውን እንዳለ እስከ ማሳየት ይደርሳል።

የደመና ዓይነቶችና የምሽቱ ምርጫ

ደመና ሁሉ በአንድ ዓይን አይታይም። በከፍታ ላይ የሚገኘው ስስ ላባ መሰል ደመና፣ ማለትም ሲረስ፣ የፕላኔትን ብርሃን ቢቀንስም ሁልጊዜ አይከለክልም። ጁፒተር፣ ቬኑስና ጨረቃ በዚህ ደመና ውስጥ አልፈው ይታያሉ፤ እንዲያውም የጁፒተር ብርሃን ሲለዝብ መቀነቶቹ ለጀማሪ ዓይን ይበልጥ ሊለዩ ይችላሉ። ክምር ደመና፣ ማለትም ኩሙለስ፣ በቀኑ ሙቀት ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይበተናል። ስለሆነም በ10 ሰዓት ሰማዩ በክምር ደመና ተሞልቷል ተብሎ የምሽቱን ፕሮግራም መሰረዝ አይገባም፤ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል። አድማስን ሁሉ የሚሸፍነው ንጣፍ ደመና፣ ማለትም ስትራተስ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ስለሚችል ተማሪዎችን በከንቱ ማቆየት አያስፈልግም።

በበጋ ወራት ደመና ቢጠፋም አቧራና የማገዶ ጢስ ይተካሉ። በደጋው ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በሸለቆ ውስጥ ሲተኛ ከላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለሚሆንበት፣ የምሽቱ ጢስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት በመንደሩ ላይ ይረብባል። ከሸለቆው ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ ከዚህ ያድናል።

ከግቢውና ከመሣሪያው የሚመነጭ ሁከት

የአየሩ ሁከት ሁሉ ከላይ የሚመጣ አይደለም፤ ከመሬትና ከመሣሪያው የሚነሣውንም መምህሩ በቀላሉ ሊቀንሰው ይችላል። የሲሚንቶ ወለል፣ አስፋልትና የድንጋይ ግንብ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ስለሚተፉ ቴሌስኮፑን በሣር ሜዳ ላይ ማቆም ይመረጣል። እሳት ከሚነድበት ማድ ቤት ጣሪያ በላይ መመልከት፣ ወይም ከክፍል ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማየት ምስሉን ያበላሻል። መሣሪያው ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ሥራ ላይ ቢውል በቱቦው ውስጥ ያለው ሞቃት አየር ራሱ ምስሉን ያውካል፤ ስለዚህ ከምልከታው በፊት ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውጭ ሊቆይ ይገባዋል።

በደጋ ቦታዎች፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር፣ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። በዚህ ጊዜ በነጠላ ጫፍ ወይም በመሐረብ መጥረግ ሌንሱን ይፍቃል። ከካርቶን የተሠራ፣ ከቱቦው አፍ አልፎ የሚወጣ ክፈፍ ጤዛውን ያዘገየዋል፤ ጤዛ የያዘውንም ሳይነኩ እንዲደርቅ መተው ይሻላል። ቬኑስ ከፀሐይ ብዙም ስለማትርቅ ቴሌስኮፑ ወደርሷ መዞር ያለበት ፀሐይ ፈጽማ ከጠለቀች በኋላ ብቻ መሆኑን መምህሩ ምንጊዜም መዘንጋት የለበትም፤ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት በቅጽበት ያሳውራል።

ከአየሩ ሊመጣ የማይችለውንም መለየት ይጠቅማል። ቬኑስ የቱንም ያህል አየሩ ቢረጋ ገጿ አይታይም፤ በራሷ ጥቅጥቅ ደመና የተሸፈነች ናትና፤ የሚታየው እንደ ጨረቃ የሚለዋወጠው ቅርጿ ብቻ ነው። በጁፒተር ላይ የሚታዩት መቀነቶችም የፕላኔቱ የራሱ ደመናዎች ናቸው። የሳተርን ቀለበት በ2025 ጠርዙን ወደ ምድር አዙሮ ስለነበር እንደ ቀጭን መሥመር ይታይ ነበር፤ ይህ በየ15 ዓመቱ ገደማ የሚመላለስ እንጂ የሌንስ ጉድለት ወይም የአየር ሁከት ውጤት አይደለም።

የወቅትና የአካባቢ ልዩነት በትምህርት ዕቅድ ውስጥ

በማዕከላዊውና በሰሜኑ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባሉት የክረምት ወራት ሰማዩ በአብዛኛው የተሸፈነ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለምልከታ የተመቸ ሲሆን፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የበልግ ጊዜ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች የፀሐይ ሥርዓት ምዕራፍ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በመገኘቱ ብቻ በግንቦትና በሰኔ የሚሰጥ ከሆነ፣ ትምህርቱ ከሰማዩ ጋር ሳይገናኝ ዓመቱ ያልቃል። ምዕራፉን ወደ መጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማምጣት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ሆኖም ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ወር መወሰን አይቻልም። በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማና በኢሉባቦር አካባቢ፣ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ቆላዎች ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይጥላል። በቦረና ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብ ባይኖርም ሰማዩ ብዙ ጊዜ በደመና የተሸፈነ በመሆኑ፣ የዝናብ አለመኖር ብቻውን የደመና አለመኖር ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያሻል። ሁሉንም የሚያስማማ ጊዜ ቢፈለግ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ይቀርባል።

ፕላኔቶችም በየዓመቱ በአንድ ወር አይመለሱም። ጁፒተር ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ የሚወጣበት ጊዜ በየ13 ወሩ፣ የሳተርን ደግሞ በየ378 ቀኑ ይደጋገማል፤ ማለትም የመጀመሪያው በየዓመቱ አንድ ወር ያህል፣ ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይዘገያል። ይህ ጊዜ በክረምት ቢውል እንኳ ፕላኔቱ ለቀጣዮቹ ወራት በምሽት ሰማይ ላይ ስለሚቆይ በጥቅምትና በኅዳር ሊታይ ይችላል። ለመምህራን የሚዘጋጅ መመሪያ እንግዲህ የፕላኔቶችን የየዓመቱ ሠንጠረዥና የአካባቢውን የዝናብ ወራት ጎን ለጎን ማቅረብ ይኖርበታል።

ይህ ችግር ለትልልቅ መሣሪያዎችም የሚቀር አይደለም። በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ የመመልከቻ ጣቢያ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ሲቋቋም፣ የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት እንደሚያስቸግሩት የታወቀ ነበር። ለወደፊቱ ለሚታሰበው ጣቢያ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታጩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ደመናማውን ምሽት ለትምህርት ማዋል

ምልከታው በአንድ ምሽት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ምሽቶች አስቀድመው ቢያዙ ይመከራል። ሰማዩ በሚከለክልበት ጊዜ ደግሞ መምህሩ ሳፋ ውስጥ ሳንቲም አስቀምጦ ውሃ ሞልቶበት፣ ተማሪዎች ውሃው ሲረጋና በእጅ ሲታወክ ሳንቲሙ የሚታይበትን ልዩነት እንዲያስተውሉ ማድረግ ይችላል። በሳንቲሙ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚነበበው ውሃው ለቅጽበት ጸጥ ባለ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቴሌስኮፕም የጁፒተር ዝርዝር የሚታየው አየሩ ለጥቂት ሴኮንድ ሲረጋ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተማሪ ዓይኑን ከሌንሱ ጣል አድርጎ እንዲነሣ ከማቻኮል ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ እንዲታገሥ መፍቀድ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የምልከታ መዝገብ መያዝ ጠቃሚ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ይሰፍራሉ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት 17:00 ተብሎ ይጻፋል። የደመናው ሽፋን ሰማዩ በ8 ተከፍሎ ስንት እጁ እንደተያዘ ይገለጻል። የአየሩ እርጋታ አንቶኒያዲ ባወጣው የ5 ደረጃ መለኪያ ይመዘገባል፤ 1 ፍጹም የረጋ፣ 2 በጥቂቱ የሚርገበገብ ሆኖ ለበርካታ ሴኮንዶች የሚረጋ፣ 3 መካከለኛ፣ 4 ያለማቋረጥ የሚታወክ፣ 5 ለመሳል እንኳ የማያስችል ነው። ምንም ያልታየበት ምሽትም ከነምክንያቱ ይጻፋል። እንዲህ ያለ መዝገብ በአንድ ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት ቢቀጥል፣ የትኞቹ ሳምንታት ለዚያ ቦታ እንደሚስማሙ የሚያሳይ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ይሆናል፤ የሰበሰቡትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ማጠቃለያ

ደመናንና ነፋስን ማዘዝ የመምህሩ ሥልጣን አይደለም። ምሽቱን መምረጥ፣ ቦታውን ማስተካከል፣ መሣሪያውን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ፕላኔቱ ከፍ እስኪል መጠበቅና የትምህርቱን ወር ከዝናቡ ጋር ማጣጣም ግን በእጁ ያሉ ነገሮች ናቸው። ተማሪው የደበዘዘ ጁፒተር ባየ ጊዜ የደበዘዘበትን ምክንያት ሊናገር ከቻለ፣ ያየው ነገር ትንሽ ቢሆንም የተማረው ትንሽ አይደለም። በመጽሐፉ ላይ ያለው እምነት ሳይጎድል፣ መጽሐፉን ከሰማዩ ጋር የማመሳከር ልማድ ይተክላል፤ የሳይንስ ትምህርት ዋና ግብም ይኸው ነው።